ስብ የሚበሉት

ሠርክአዲስ የራሷን ፎቶ መንገድ ዳር ተሰቅሎ ያየችው ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ሁለት ባዶ ጀሪካን እግሯ ሥር አስቀምጣ ተቀምጣ ሳለ ነበር። መጀመሪያ የሳሙና ማስታወቂያ መሰላት። ነጭ ካፖርት የለበሰች ሴት ናት፤ በእጇ ጠርሙስ ይዛለች፤ ጥርሷ ፍልቅቅ ብሏል። ሾፌሩ ጉድጓድ ሊሸሽ ቀዝቀዝ ሲያደርገው ደግማ አየችው። ጥርሱ የራሷ ነው። ከፎቶው ሥር በትልልቅ ፊደል «የፋብሪካችን ፍሳሽ በባክቴሪያ ተበልቶ ፕላስቲክ ይሆናል። ወንዛችን ንጹሕ ነው!» ይላል።

«ወራጅ!» አለች። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ስለጮኸ ሾፌሩ ደንግጦ ፍሬን ያዘ።

ሠርክአዲስ ጅጋ ተወልዳ ያደገች፣ ቡሬ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ የምታስተምርና የምትመራመር የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ናት። ሥራዋ ሲያወሩት ቀላል ነው፤ ሲሠሩት ግን ዕድሜ ይበላል። አፈር ውስጥ የምትኖር አንዲት ባክቴሪያ አለች፤ ስብ ነፍሷ ነው። የስብ አሲድ ረጅም ሰንሰለት ነውና ባክቴሪያዋ ከጫፉ ሁለት ሁለት ቀለበት እየቆረጠች፣ ሰንሰለቱ እስኪያልቅ ድረስ ትበላዋለች። ሠርክአዲስ አዲስ አበባ ማስትሬቷን ስትማር ዘረመሏ ውስጥ ገብታ ከመቀሶቿ አንዱን ነጠቀቻት። ስለዚህ አሁን ያቺ ባክቴሪያ መቁረጥ ትጀምርና መሀል ላይ ይሳናታል፤ ያልጨረሰችውን ቁራጭ ወደ ውጭ ትተፋዋለች። ሠርክአዲስ የምትፈልገው ያንን ትፍ ነው። ቁራጮቹ እርስ በርስ ሲያያዙ፣ አፈር ውስጥ ሲቀበር የሚበሰብስ ፕላስቲክ ይወጣቸዋል።

ይህን ሁሉ የምትሠራው በአንዲት የሦስት ሊትር የመስታወት ዕቃ ነበር። መብራት በሄደ ቁጥር ማማሰያው ይቆምና ባክቴሪያዎቹ አየር አጥተው ያልቃሉ፤ እንደገና ከሀ ትጀምራለች። መንገድ ተዘግቶ ከአዲስ አበባ ያዘዘችው ኬሚካል አምስት ወር የቆየበት ጊዜም አለ። ያም ሆኖ ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ፣ ከሦስት ሊትር ዝቃጭ በሦስት ቀን አሥራ አንድ ግራም ንጹሕ ቁራጭ አገኘች። አንድ ማንኪያ የማይሞላ ነጭ ዱቄት ነው። መዳፏ ላይ አፍስሳ ብቻዋን ሳቀች።

ዝቃጩን የምታገኘው ከፍኖተ ሰላም ወዲህ ካለ አንድ የዘይት ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው የኑግና የአኩሪ አተር ዘይቱን በኮስቲክ ሶዳ ያጥበዋል፤ ከእጥበቱ ሳሙና የመሰለ፣ በስብ አሲድ የተሞላ ዝቃጭ ይተርፋል። ባለቤቱ አቶ ክንፈሚካኤል ደግ ሰው መስሎ ነበር የታያት። በየሁለት ሳምንቱ ጀሪካኗን በነፃ ይሞላላታል። በጥቅምት «አንዲት ትንሽ ደብዳቤ ጻፊልኝ፣ ከኮሌጅ ጋር እንደምንሠራ ሰው ይወቅልን» ሲላት ሳታንገራግር ጻፈች። «የፋብሪካውን ተረፈ ምርት በባክቴሪያ አማካይነት ወደ ፕላስቲክ ግብዓት መለወጥ እንደሚቻል በቤተ ሙከራ ተረጋግጧል» ብላ ፈረመች። ፎቶውንም የዚያን ዕለት ነው ያነሷት። ከዚያ ወዲህ ዝቃጩን በር ላይ ተቀብላ ትመለሳለች እንጂ ከፋብሪካው ጀርባ ሄዳ አታውቅም።

አሁን ግን ከሚኒባስ ወርዳ በሰሌዳው ሥር አልፋ ወደ ሽንብሪት ወንዝ ቁልቁል ወረደች። ሽታው ቀድሞ ተቀበላት፤ የከረመ ዘይትና የበረኪና ድብልቅ። ከፋብሪካው አጥር ሥር አንድ ወፍራም ቧንቧ ወጥቶ ነጭ አረፋ ይተፋል። የካቲት ስለሆነ ወንዙ መንምኗል፤ ቀጭን ውኃው በአረፋው ተሸፍኖ ድንጋዩ ሁሉ ሞራ ለብሷል። ከወንዙ ዳር አንዲት ቀይ ላም እግሯን ዘርግታ ሞታለች። አጠገቧ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል።

«እንዴት ዋሉ አባቴ?»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት፤ ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞሩ፤ ከዚያ እንደገና እሷን።

«እግዜር ይመስገን። ያቺ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«እዚያ ላይ ትስቂያለሽ።»

ሠርክአዲስ ወደ ላሟ ዞረች። «ላሟ ምን ሆና ነው?» አለች።

«ጠጥታ ነዋ። መጀመሪያ ምላሷ ተላጠ። ቀጥሎ የሰባት ወር ጽንሷን ጣለች። ዛሬ ጠዋት ራሷ ተከተለችው።» ድምፃቸው አልተለወጠም። «አብተው እባላለሁ። በኅዳር አርባ ሆነን ፋብሪካው በር ድረስ ሄደን ነበር፤ ውኃችንን መልስ ልንለው። ሰውዬው ያንቺን ደብዳቤ ማኅተሙን እያሳየ አነበበልን። ባክቴሪያ የሚሉት ነገር አለ፣ ስቡን ይበላዋል፣ ወደ ወንዙ የሚወርደው ተበልቶ ያለቀ ነው አለን። ጎረምሶቹ አናምንም አሉ። ‹የጅጋ ልጅ ናት፣ ተምራለች፣ ፈርማበታለች፣ እንመለስ› ያልኩ እኔ ነኝ።»

ሠርክአዲስ ጀሪካኖቹን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ልጅ ሆኜ ጥቂት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይቻለሁ» አሉ አያ አብተው። «ጆሮዬ እንዲያ ባያረጅ ኖሮ ያን ዕለት በገባኝ ነበር። ሲያነብልን ‹ስብ ይበላሉ› ያለ መሰለኝ። ለካስ ‹ሰብ ይበላሉ› ነው ያለው።»

ሰብ በግእዝ ሰው ማለት ነው። ቃሉ ሠርክአዲስን ደረቷ ላይ ወጋት። ሽማግሌው አልተሳደቡም፤ ቢሰድቧት ይቀላት ነበር። ከቦርሳዋ ሶዳ ሲነካው ሰማያዊ የሚሆን የፒኤች ወረቀት አውጥታ ውኃው ውስጥ ነከረች። ወረቀቱ ወዲያው ጥቁር ሰማያዊ ሆነ። ኮስቲክ ሶዳው እንዳለ ነው የሚወርደው። እዚያው ቁጢጥ ባለችበት ደሟ ፈላ፤ ተነሥታ ወደ ፋብሪካው በር አቀናች።

*

አቶ ክንፈሚካኤል ቢሮው ውስጥ ስልክ እያወራ ነበር። በእጁ ተቀመጪ አላት። አልተቀመጠችም። ስልኩን እስኪዘጋም አልጠበቀችም።

«ቧንቧውን አይቼው መጣሁ» አለች።

«እህቴ፣ ምነው ፊትሽ? ውኃ ይምጣልሽ?»

«ከየትኛው ውኃ? ከዚያኛው?»

ሰውዬው ስልኩን ዘግቶ ፈገግ አለ። «ሰሌዳውን አየሽው? ቆንጆ ወጥተሻል።»

«ደብዳቤዬን ለገበሬዎቹ ምን ብለህ ነው ያነበብክላቸው?»

«እንደተጻፈው። አንዲት ቃል አልጨመርኩም።» መሳቢያውን ከፍቶ ደብዳቤውን አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። «እስቲ ከዚህ ውስጥ አንድ የውሸት ቃል አሳዪኝ።»

አነበበችው። የውሸት ቃል የለበትም። ንዴቷን ያባሰው እሱ ነው።

«በቤተ ሙከራ ነው ያልኩት! በሦስት ሊትር ዕቃ! ያንተ ቧንቧ በቀን ስንት ሺህ ሊትር ነው የሚያወርደው?»

«ገበሬው ቤተ ሙከራ ምን እንደሆነ በምን ያውቃል? ቤት የሚያውቀው ሁለት ነው፤ የራሱንና ቤተ ክርስቲያን።» ሳቀ። «ስሚኝ ሠርክአዲስ፤ የማጣሪያ ገንዳ ማስቆፈር ማሽን ማቆም ነው። አሁን ማሽን ማቆም አልችልም። ሐሙስ ከአዲስ አበባ ዘይት ተረካቢዎች ይመጣሉ። የአገር ሽማግሌዎችም ጠርቻለሁ፤ ሁሉም በሰላም መሆኑን እንዲያዩ። አንቺ ነጭ ካፖርትሽን ለብሰሽ ሁለት ደቂቃ ብታወሪ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ስትመኚው የነበረውን የመቶ ሊትር የባክቴሪያ ማብላያ ከነጄኔሬተሩ አስመጣልሻለሁ። መብራት ጠፋ ብለሽ ከእንግዲህ አታለቅሺም።»

የመቶ ሊትር ማብላያ! ለአንድ እስትንፋስ ያህል ልቧ ወደዚያ ሄደ፤ ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ሙቀቱንም አየሩንም ራሱ የሚቆጣጠር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በየካታሎጉ እያየች የምትቃትትለት። ልቧ መሄዱን ራሷ ስለታዘበችው ከሰውዬው ይልቅ በራሷ አፈረች። በሩን ከኋላዋ ስትዘጋው መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

ቡሬ ስትደርስ በቀጥታ ወደ አለቃዋ ወደ ዶክተር ምናለ ገባች። ዶክተሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ነገር ሲመጣ በሰነድ ሸፍኖ ማሳለፍ ይወዳል። የሆነውን ሁሉ ነገረችው።

«ንዴትሽ ይገባኛል» አለ።

«አይገባዎትም።»

«በጽሑፍ እናስታውቃቸዋለን። የትብብር ስምምነት አለን፤ ኮሚቴው በወሩ መጨረሻ ይሰበሰባል። ሂደት አለው ሠርኬ።»

«ሰዎቹ ዛሬም ያንን ውኃ እየጠጡ ነው! ስሜን አይተው ነው የተመለሱት፤ የኮሚቴውን አይደለም።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ሐሙስ ልሄድ ነዋ። ጋብዞኛል።»

ዶክተር ምናለ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «በኮሌጁ ስም እንዳትናገሪ» አለ በመጨረሻ። ሂጂም አትሂጂም አላላትም።

እነዚያን ሁለት ቀናት የምታስተምራቸውን ተማሪዎች በትንሹም በትልቁም ስትቆጣቸው ዋለች። ማማሰያው ላይ ያሉትን ባክቴሪያዎች ስታይ እንኳ ንዴት ይይዛታል፤ ምንም ሳያጠፉ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ታውቀዋለች። ሰውዬው የሚዋሽበት ነገር ሲያጣ እውነቷን ተበድሮ ዋሸበት፤ ያበደረችው ደግሞ ለምን እንደሚፈልገው እንኳ ሳትጠይቅ ነው።

*

ሐሙስ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ነበር። ሱፍ የለበሱ አራት እንግዶች ፊት ለፊት፣ አምስት ሽማግሌዎች ደግሞ ከጎን አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። አያ አብተው ከሽማግሌዎቹ አንዱ ናቸው። ከአጥሩ ውጭ ደግሞ ያልተጠሩ ገበሬዎች በብዛት ቆመው ያያሉ። ሠርክአዲስ ካፖርቷን ለብሳ፣ ባክቴሪያዎቹን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጣ ባዶዋን የሦስት ሊትር ዕቃ ታቅፋ መጣች። አቶ ክንፈሚካኤል ሲያያት ፊቱ በራ።

«ይህቺ ናት ጀግናችን!» ብሎ አስተዋወቃት። «ፍሳሻችንን ወደ ፕላስቲክ የምትለውጥልን!»

ጭብጨባው እስኪያበቃ ጠበቀች።

«አባቶቼ፣ ባክቴሪያዎቼ የሚሠሩት በዚህች ዕቃ ውስጥ ነው» አለች ዕቃዋን ከፍ አድርጋ። «እዚህ ሆኜ ከማወራ፣ እባካችሁ ከእኔ ጋር እስከ ቧንቧው እንውረድ።»

«እሱን ኋላ» አለ አቶ ክንፈሚካኤል ፈጠን ብሎ። ነገር ግን አያ አብተው ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሥተዋል፤ ሌሎቹ ሽማግሌዎችም ተከተሏቸው። እንግዶቹ ግራ ገብቷቸው ተነሡ። ከአጥር ውጭ የቆመው ሕዝብ በዙሪያ ዞሮ ቀድሟቸው ወንዙ ዳር ደረሰ።

ሠርክአዲስ ዕቃዋን ከቧንቧው አፍ ሥር ደቀነች።

«ቁጠሩልኝ» አለች።

«አንድ» አሉ ሁለት ሦስት ሰዎች። «ሁለት» ከማለታቸው ዕቃዋ ሞልታ አረፋው በእጇና በነጭ ካፖርቷ ላይ ፈሰሰ።

«አያችሁ? ሁለት ብላችሁ ሳትጨርሱ ሞላች። ባክቴሪያዎቼ ይህችን ብቻ ለመብላት ሦስት ቀን ይፈጅባቸዋል። ያውም መብራት ካልጠፋ! የሚወጣው ደግሞ አንድ ማንኪያ አይሞላም።» ድምፅዋ እየጨመረ ሄደ። «ከዚህ ቧንቧ ከወረደው ውስጥ የእኔ ባክቴሪያዎች የበሉት አንድ ጠብታ የለም። አንድም! እነሱ ያሉት ቡሬ ነው። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የጻፍኩት እውነት ነው፤ ግን እናንተን የሚመለከተውን ነገር አልጻፍኩም። ይህ ውኃ እንደ እሳት የሚልጥ ኮስቲክ ሶዳ አለበት። ለከብትም ለሰውም አይሆንም።»

ሕዝቡ ወደ ቧንቧው ዞረ።

«ተበሳጭታ ነው፤ የግል ጉዳይ አለን» አለ አቶ ክንፈሚካኤል ወደ እንግዶቹ ዞሮ እየሳቀ። ከዚያ ክንዷን ጨብጦ ወደ ላይ ሊጎትታት ሞከረ። ጣቶቹ ሥጋዋ ውስጥ ሲገቡ ተሰማት።

አያ አብተው በመካከል ገቡ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሰውዬውን «እርስዎ» ሲሉት ነበር የኖሩት።

«አንተ፣ እጅህን አንሣ» አሉት።

ያቺ «አንተ» ከዱላ በላይ ሥራ ሠራች። ሰውዬው እጁን አነሣ። ከሕዝቡ መካከል አንዱ ትልቅ ድንጋይ ተሸክሞ መጣና ቧንቧው አፍ ላይ ጣለ። ሌላው ጓል፣ ሌላው ከነሣሩ የተነቀለ አፈር አመጣ። ማንም አልጮኸም፤ ማንም አላዘዘም። አጨዳ ላይ እንዳለ ደቦ እየተቀባበሉ ደፈኑት። ሠርክአዲስም ካፖርቷን አውልቃ ጭቃ አቀበለች። ንዴቱ ከእጇ የወጣላት ያኔ ነው፤ ጥቂትም ቢሆን።

ከሰዓት በኋላ ፍሳሹ መሄጃ ሲያጣ ተመልሶ ግቢውን ሞላው። ድንኳኑ ውስጥ አረፋ ገባ፤ እንግዶቹ ጫማቸውን እያዩ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሄዱ። ምሽት ላይ ማሽኑ ቆመ። ገበሬዎቹ ተራ ገብተው ቧንቧውን ጠበቁ። በአራተኛው ቀን ቆፋሪ መኪና መጣ፤ አቶ ክንፈሚካኤል ከአጥሩ ውስጥ ገንዳ ማስቆፈር ጀመረ። ሰሌዳውን አላነሣውም፤ የሠርክአዲስን ፎቶ ብቻ በቀለም አስደመሰሰው።

ዝቃጩንም ከለከላት። ለኮሌጁ «ስሜን አጠፋች» ብሎ ጻፈና እሷ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ ዶክተር ምናለ ወረቀቱን ሲሰጣት ዓይኗን አላያትም። ማብላያው ቀረ። ጅጋ ያሉ ሁለት ትንንሽ ዘይት ጨማቂዎች ከጋን ሥር የሚተርፋቸውን አተላ ሊሰጧት ተስማሙ፤ ቆሻሻ የበዛበት፣ እያጣሩ የሚሠሩበት ነገር ነው። ባክቴሪያዎቹ ግን አልናቁትም። በመጀመሪያው ዙር አራት ግራም ሰጧት።

*

በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ወደ አያ አብተው ቤት ሄደች። ይቅርታ ልትጠይቅ ነበር። አያ አብተው ማሳ ወርደው ኖሮ ያገኘችው ባለቤታቸውን እትየ ወለተሥላሴን ነው፤ ደጅ ላይ ገብስ ሲያበጥሩ። ሰላምታዋን ተቀበሉ። መደብ ላይ እንድትቀመጥ አሳዩዋት። ያለችውን ሁሉ ሰፌዳቸውን ሳያስቀምጡ ሰሟት።

«ጨረስሽ?» አሉ።

«ጨረስኩ።»

«እንግዲህ እኔ ልናገር። ቆጣ ብለሽ ተናገርሽ፤ ሰዉ ሁሉ ጀግና ናት አለሽ። ደግ። እኔ ቤት ግን ወተት የለም። ሁለት የልጅ ልጅ አለኝ፤ በጥቁር ሻይ ነው የሚውሉ። ያቺ ላም ስትወልድ ያጠባችው ይህን ቤት ነበር። ይቅርታሽን የት ላስቀምጠው? በቅል ነው በእንስራ?»

ሠርክአዲስ ፊቷ ጋለ። ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ስላደረገችው፣ ስለ ማስጠንቀቂያው፣ ስለ ቀረባት ነገር። ከዚያ ዘጋችው። ሴትዮዋ የሚቆጡት ንዴት የራሳቸው ነው፤ የእሷ ንዴት ሊያስታግሰው አይችልም።

«ምን ላድርግልዎ?» አለች።

እትየ ወለተሥላሴ ሰፌዱን አስቀመጡ። «ለጥሩ ነገር ነው የተማርሽው ይላሉ። ከወንዙ በታች የምንቀዳበት ምንጭ አለ። ቧንቧው ከተደፈነ ወዲህ ሴቱ ሁሉ ተመልሶ ከዚያ ይቀዳል። ይጠጣል ወይስ አይጠጣም? እሱን ንገሪኝ። እውነቱን።»

አብረው ወረዱ። ምንጩ ከድንጋይ ሥር ጠርቶ ይፈልቃል፤ ለዓይን ምንም የለበትም። ሠርክአዲስ ወረቀቷን ነከረች፤ ሰማያዊው ደብዝዟል እንጂ አልጠፋም። በጣቷ ስትዳስሰው ያ ሞራ አለ። በጠርሙስ ቀዳች፤ ቡሬ ወስዳ በደንብ ልትመረምረው።

«አይጠጣም» አለች። «ለልብስም ባይሆን ይሻላል።»

«እስከ መቼ?»

«አላውቅም። ክረምቱ ያጥበው ይሆናል። ላያጥበውም ይችላል። እየመጣሁ እለካለሁ፤ ግን መቼ እንደሚጠራ አላውቅም።»

እትየ ወለተሥላሴ ያመጡትን ባዶ እንስራ አዘሉ። ሌላው ምንጭ ያለው ከጋራው ጥግ ነው፤ አርባ ደቂቃ የሚያስኬድ ዳገት። ነይ አላሏትም፤ ቅሪም አላሏትም። ሠርክአዲስ ከኋላቸው ተከተለች። ዳገቱን እስከ ምንጩ ድረስ አብረው ወጡ።